መወልወያውን ማን ይወልውለው? የጠመንጃ ማጽጃ ዕቃዎች አያያዝ

"መሣሪያ ሲወለውል ባርቆበት ሕይወቱ አለፈ።" ይህቺን ዓይነት ዜና ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ሰው ጠመንጃውን ሊንከባከብ ቁጭ ብሎ፣ በዚያው ቀርቶ። ስለ ጠመንጃ ጽዳት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ይህንን ነው፤ ትክክልም ነው። ዛሬ ግን ማንም ትዝ ስለማይለው ነገር ነው የምናወራው፦ ጠመንጃው ስለሚወለወልባቸው ዕቃዎች። ዘንጉ፣ ብሩሹ፣ ጨርቁ፣ ገመዱ፣ የዘይት ጠርሙሱ።

ነገሩን ባጭሩ እንዲህ ያዙት፦ ቆሻሻ መወልወያ ጠመንጃ አያጸዳም። ይፍቃል፣ ያዝጋል፣ አንዳንዴም ቱቦው ውስጥ ተሰብሮ ይቀርና አደጋ ይሆናል። ቤቱን የሚጠርግ መጥረጊያ ራሱ ጭቃ ከነካው ቤቱን ጭቃ እንደሚቀባው ማለት ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። ይህ ጽሑፍ መሣሪያ በሕግ ለያዘ ሰው ነው፦ ለፖሊስ፣ ለሚሊሻ፣ ለጥበቃ ሠራተኛ፣ ለሠራዊት አባል፣ ፈቃድ ላለው ግለሰብ። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ መፍትሔው ማጽዳት ሳይሆን ወደሚመለከተው አካል ሄዶ ማሳወቅ ነው።

የምንጠቀምባቸውን ቃላትም እንግባባ። "ቱቦ" ስንል ጥይቱ የሚያልፍበትን ረጅሙን ብረት ነው። "አፈሙዝ" ስንል ጥይቱ የሚወጣበትን ጫፍ ነው። "ጥይት መጉረሻ" ስንል ደግሞ ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት የሚቀመጥበትን የኋለኛውን ክፍል ነው።

■ ከሁሉም በፊት

መወልወያውን ከማንሳታችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ፦

1. አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይዙር። ጣት ከቃታው ይራቅ።

2. ካዝናውን አውጡ። ካዝና ማውጣት ብቻውን መሣሪያውን ባዶ አያደርግም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው። ቀድማ የጎረሰች አንዲት ጥይት ውስጥ ልትኖር ትችላለች።

3. መቀባበያውን ወደኋላ ስባችሁ ጥይት መጉረሻውን በዓይን እዩ። ከዚያ በጣት ዳብሱ። ከዚያ ደግማችሁ እዩ።

4. ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። ጥይት ባለበት ጠረጴዛ ላይ መሣሪያ አይወለወልም።

5. ልጆች በአካባቢው አይኑሩ። እናንተም ከስልክ ራቁ። "ቆይ አንድ ቪዲዮ ልቅረጽ" ብሎ አፈሙዙን ወደ ካሜራው፣ ማለትም ወደ ራስ ማዞር ይቅርባችሁ። ሥራው ተቋርጦ ከነበረ ወይም ለትንሽ ጊዜ ተነስታችሁ ከተመለሳችሁ፣ ከአንድ ቁጥር ጀምሮ እንደገና።

■ ዕቃዎቹ ምን ምን ናቸው?

በአገራችን በብዛት የሚታወቀውን ክላሽን እንውሰድ። የሶቪየት የጦር መሣሪያ በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978፣ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ክላሾች ከያዟቸው ሰዎች በዕድሜ ይበልጣሉ ማለት ነው።

ክላሽ የራሱን መወልወያ ይዞ ነው የተሠራው። ከቱቦው ሥር ተሰክቶ የሚታየው ቀጭን ብረት ዘንጉ ነው። የእንጨት ሰደፍ ያለው ከሆነ፣ ሰደፉ ጀርባ ላይ በጣት ሲገፉት የሚከፈት ትንሽ በር አለ፤ ውስጡ አንድ የብረት ሙዳይ ይቀመጣል። ታጣፊ ሰደፍ ያለው ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ ስለሌለ ሙዳዩ ከካዝናዎቹ ጋር በቦርሳ ይያዛል።

ሙዳዩ ውስጥ እነዚህ አሉ፦

▪️ ብሩሽ፦ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ፣ ቆሻሻ የሚያላቅቅ።
▪️ ጨርቅ መያዣ፦ እሱም ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ቱቦውን የሚጠርግ።
▪️ ካቻቢቴ እና ፒን ማስወጫ፦ መሣሪያውን ለመፍታትና ለማስተካከል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ክፍል ያለው ትንሽ የዘይት ዕቃ አለ። አንዱ ክፍል ለማጽጃ ፈሳሽ፣ አንዱ ደግሞ ለዘይት ነው። ሁለት ቦታ የተከፈለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ሙዳዩ ራሱ መሣሪያ ነው። ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ዘንጉ ገብቶባቸው ሙዳዩ እጀታ እንዲሆን የተሠሩ ናቸው። ክዳኑ መሃሉ ላይ የተበሳውም እንዲሁ ነው። ክዳኑ አፈሙዙ ላይ ይገጠምና ዘንጉ በዚያ ቀዳዳ ያልፋል። ዘንጉ መሃል ለመሃል እንዲሄድ፣ የአፈሙዙን ጠርዝ እንዳይፍቅ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ? ብዙ ጠመንጃ ከኋላ፣ ከጥይት መጉረሻው በኩል ነው የሚወለወለው። ክላሽ ግን ጀርባው በብረት ስለተዘጋ ዘንጉ የሚገባው በአፈሙዝ ነው። በአፈሙዝ የሚገባ ዘንግ ደግሞ ያለ መሪ ከገባ በየምልልሱ ጠርዙን ይነካል። አንድ ቀን ምንም አይታይም። በዓመታት ግን ይበላዋል።

■ መወልወያ ቱቦን የሚያበላሸው እንዴት ነው?

አንደኛ፦ በመፋቅ። የጠመንጃ ቱቦ ውስጡ ልሙጥ አይደለም። ጥይቱን የሚያሽከረክሩ ጥምዝምዝ ቦዮች አሉት። የክላሽ ቱቦ 415 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሲኖረው በውስጡ አራት ቦዮች አሉ፤ በየ240 ሚሊ ሜትሩ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራሉ። ጥይቱ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚህ መሽከርከር ነው። አሁን አቧራ ወይም አሸዋ የተጣበቀበትን ዘንግ እዚያ ውስጥ ሃያ ጊዜ ስትመላልሱት አስቡት። የምትወለውሉ ይመስላችኋል እንጂ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጋችሁት ነው።

ሁለተኛ፦ አፈሙዙን በማበላሸት። ጥይቱ ከመሣሪያው ሲለይ መጨረሻ የሚነካው የአፈሙዙን ጠርዝ ነው። ጠርዙ ባንድ በኩል ከተበላ፣ ከጥይቱ ኋላ ያለው ጋዝ ባንድ በኩል ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ገፍቶ ያዛባዋል። "ይህ መሣሪያ ድሮ ይመታ ነበር፣ አሁን ምን ነካው?" የሚባለው አንዳንዴ ጥፋቱ የተኩስ ሳይሆን የመወልወያ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የእንግሊዙ ሊ-ኤንፊልድ ጠመንጃ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የሚወለወለው በገመድ ነበር። ባንዱ ጫፍ የናስ ክብደት ያለው ገመድ በቱቦው ይወርድና ከሌላኛው በኩል ይጎተታል። ወታደሩ ገመዱን አጋድሎ ሲጎትት ገመዱ ብረቱን እንደ መጋዝ ይበላው ነበር። የጦሩ መሣሪያ ጠጋኞች ለዚህ ጉዳት የራሱ ስም እስከማውጣት ደርሰዋል። አያችሁ፣ ገመድ ለስላሳ ነው። ግን አቧራና ባሩድ የጠጣ ገመድ ለስላሳ አይደለም።

ሦስተኛ፦ በማዛግ። ይህኛው የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው፤ ግን ቀላል ነው። ብዙ የቆየ የምሥራቅ አውሮፓና የሶቪየት ወታደራዊ ጥይት፣ ቀለሁ ሥር ባለችው መለኮሻ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ነገር አለው። ሲተኮስ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል። ይህ ከገበታ ጨው ጋር የሚዛመድ ጨው ነው። ቱቦው ውስጥ ይቀመጥና ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል።

ቤታችሁ ውስጥ ይህን ሞክሩ፦ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ዘይት፣ ሌላው ውስጥ ውኃ አድርጉና ጨው ጨምሩበት። ውኃው ውስጥ ያለው ይሟሟል። ዘይቱ ውስጥ ያለው ሥር ይቀመጣል። ያ ማለት የቆየ ጥይት የተተኮሰበትን ቱቦ ዘይት ብቻ ቀብታችሁ ካስቀመጣችሁት ጨውን ከነሕይወቱ አስቀመጣችሁት ማለት ነው። የዘይት ዕቃው ሁለት ክፍል የሆነውም ለዚህ ነው፦ መጀመሪያ ጨውን የሚያነሳ ውኃ ያለበት ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ዘይት።

እና መወልወያው? ጨውን ከቱቦው ያወጣው እሱ ነው። ስለዚህ ጨው ያለው አሁን እሱ ላይ ነው። ሳይታጠብ ሰደፍ ውስጥ ከገባ እሱ ራሱ ይዝጋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጨውንና ዝገቱን ይዞ ተመልሶ ቱቦው ውስጥ ይገባል። የክላሽ ቱቦ ውስጡ በክሮም የተለበጠ በመሆኑ ብዙ ይታገሳል። ግን ክሮሙ በተሰነጠቀበትና ባለቀበት ቦታ ዝገቱ ሥር ሥሩን ይሄዳል።

■ አንድ በአንድ እናጽዳ

ዘንጉ። ከቱቦው በወጣ ቁጥር በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። በወጣ ቁጥር ነው፤ በመጨረሻ አይደለም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ ስስ ዘይት ቀቡት። ጠምዛዛ ጫፉን አትርሱ፤ ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያ ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጡት። ዘንጉ መጉበጡን ለማወቅ ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉት። ከተንገዳገደ ጎብጧል። የጎበጠ ዘንግ መሃሉ ቱቦውን እየፈገፈገ ነው የሚሄደው፤ ይቀየር።

ዘንጋችሁ ተገጣጣሚ ከሆነ መጋጠሚያዎቹ ላይ ጥፍራችሁን አሳልፉ። ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ካለ ቱቦውንም ይይዛል። የአሉሚኒየም ዘንግ ለስላሳ ስለሆነ አይጎዳም የሚል ሰው ካለ በከፊል ነው ልክ የሆነው። ለስላሳ ብረት አሸዋውን ውጦ ይይዛል። ፕላስቲክ የተለበጠም እንደዚሁ፤ ልባጡ ከተላጠ አይሆንም።

ብሩሹ። ከሁሉም በላይ የሚቆሽሸው እሱ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ የሚታጠበውም እሱ ነው። ሙቅ ውኃና ሳሙና ውስጥ ነክራችሁ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። ቅባት ከያዘ በትንሽ ነጭ ጋዝ ማራስ ይቻላል፤ ከዚያ በሳሙና። በጣታችሁ ሳባችሁ አታስፈንጥሩት፤ የሚረጨው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሲታጠብ ጫፉን ወደታች አድርጋችሁ አንጠልጥሉት። መሃሉ ላይ ያለው ጠምዛዛ ሽቦ ብረት ስለሆነ ውኃ ከቀረበት ከውስጥ ይዝጋል፤ አንድ ቀን ቱቦው ውስጥ ይበጠሳል። ሲደርቅ አንድ ጠብታ ዘይት።

ብሩሽ ቱቦው ውስጥ እያለ መሃል ላይ አቅጣጫ አይቀየርም። ጥጉ ድረስ ሄዶ ነው የሚመለሰው። መሃል ላይ ከመለሳችሁት ጥርሶቹ ይታጠፋሉ፣ እዚያው ሊቀረቀርም ይችላል። መጠኑም ይለያያል፤ ለ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የተሠራውን ወደ 7.62 ቱቦ በግድ አታስገቡ።

ስለ ነሐስ ብሩሽ ደግሞ ይህን እወቁ። የመዳብ ዝቃጭ ለማውጣት የሚሸጡ አንዳንድ ፈሳሾች አሞኒያ አላቸው። አሞኒያ መዳብን ያሟሟል፤ ነሐስ ውስጥ ያለውም መዳብ ነው። ስለዚህ ብሩሹን ራሱን ይበላዋል። ጨርቁ ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ሲወጣ "አሁንም ቆሻሻ አለ" ብላችሁ ስትፈጉ፣ ቀለሙ ከቱቦው ሳይሆን ከብሩሹ እየመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ፈሳሽ ከነካው ወዲያው በውኃ ይለቅለቅ፤ ወይም ለዚያ ሥራ የናይለን ብሩሽ ይያዝ።

ጨርቁ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፤ አሮጌ ከነቴራ ጥሩ ነው። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ፈሳሽ አይጠጣም። አንድ ጨርቅ አንድ ጊዜ ያልፋል፣ ከዚያ ይጣላል። "ይቺ ገና ንጹሕ ናት" ብሎ ገልብጦ መጠቀም ያወጡትን ቆሻሻ መልሶ ማስገባት ነው።

ገመዱ። የሚጎተት ገመድ ወይም ብሩሽ የተሠራበት ወፍራም ገመድ ያላችሁ፣ ምቾቱ እውነት ነው፤ ግን ስንፍናንም ያመጣል። የሚታጠብ ነገር ነው፤ በሙቅ ውኃና ሳሙና፣ ከሌላ ልብስ ጋር ሳይቀላቀል። መድረቅ አለበት፣ እስከ ውስጡ። ክረምት ላይ አንድ ቀን አይበቃውም። ስትጎትቱ ከቱቦው ጋር ቀጥ ባለ መስመር ጎትቱ። አንድ ክር ከተበጣጠሰ መወርወር ነው፤ ገመድ የሚበጠሰው ደግሞ ሁልጊዜ ቱቦው መሃል ነው።

የዘይት ዕቃው። ቆሻሻ ብሩሽ ጠርሙሱ ውስጥ አይነከርም። አንዴ ከነከራችሁት ዘይቱ በሙሉ ቆሻሻ ነው። ትንሽ ክዳን ላይ ቀድታችሁ ተጠቀሙ፤ የተረፈውን አትመልሱ።

ሙዳዩና ማስቀመጫው። ሙዳዩን ራሱን እጠቡት፤ ሥሩ ላይ ጥቁር ጭቃ ታገኛላችሁ። ዕቃዎቹ ሳይደርቁ አይከደንባቸው። የቆዳ ማኅደር የምትወዱ ሰዎች፣ ቆዳ ለመያዝ እንጂ ለማስቀመጥ አይሆንም። እርጥበት ይይዛል፤ ሲለፋ የገባበት ኬሚካልም ብረትና ናስ ይበላል።

■ ምን ልጠቀም? ምን ይቅር?

የመሣሪያ ዘይትና ማጽጃ ገበያ ላይ እንደልብ ስለማይገኝ ሰው ያገኘውን ይጠቀማል። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ሆፕስ የሚባለውን ፈሳሽ ታውቁታላችሁ፤ ከ1903 ጀምሮ አለ። እዚህ ግን ጥያቄው "ቤት ካለው ነገር የትኛው አይጎዳም?" ነው። እንሂድ፦

✅ ሙቅ ውኃና ሳሙና፦ ጨው ለማውጣት የሚበልጠው የለም። ወዲያው ማድረቅና ዘይት መቀባት ግን ግዴታ ነው።

✅ ነጭ ጋዝ፦ ቅባት ያላቅቃል። ከእሳት፣ ከከሰልና ከሲጋራ ርቆ፣ በትንሹ፣ ደጅ ላይ። ጨው ግን አያወጣም፣ ከዝገትም አይከላከልም።

✅ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፦ ቀጭን የማዕድን ዘይት ነው፤ መወልወያ ዕቃዎችን ከዝገት ለመጠበቅ ጥሩ ነው።

❌ ቤንዚን፦ ትነቱ ከሩቅ ብልጭታ ይይዛል። ለማጽዳት ተብሎ ቤት አይቃጠልም።

❌ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፦ "ዘይት ዘይት ነው" አይባልም። ውስጡ አሲድና ደቃቅ የብረት ብናኝ አለ።

❌ የኑግ ዘይትና የተልባ ዘይት፦ እነዚህ ከአየር ጋር ሲገናኙ የሚደርቁ ዘይቶች ናቸው። ቀለም ይመስል ይጠነክራሉ፣ ይጣበቃሉ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ደግሞ ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል።

❌ ቅቤና ሞራ፦ ይሻግታሉ፣ አሲድ ይፈጥራሉ፣ አቧራ ይሰበስባሉ።

❌ በረኪና፦ ብረትን ያዝጋል። አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ይህ ቀልድ አይደለም።

❌ አሸዋ፣ አመድ፣ የድስት ሽቦ፦ ዘንጉ ያብረቀርቅላችኋል፤ ግን ይጭራል፣ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል፣ ያ ቆሻሻ ቱቦ ውስጥ ይገባል።

■ ቱቦው ውስጥ የቀረች ጨርቅ

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። ያረጀ ብሩሽ ጫፉ ተበጥሶ፣ የላላ ጨርቅ መያዣ ጨርቁን ጥሎ፣ ወይም ገመድ ተበጥሶ ቱቦው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ያንን ሳያውቅ የተኮሰ ሰው ከጥይቱ ፊት እንቅፋት አለ ማለት ነው። ግፊቱ መውጫ ያጣል። ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚፈነዳው ደግሞ ፊታችሁ አጠገብ ነው።

ስለዚህ፦

▪️ የገባውን ጨርቅ ቁጠሩ፣ የወጣውን ቁጠሩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሥራው አላለቀም።

▪️ ብሩሽና ጨርቅ መያዣ በገጠማችሁ ቁጥር ጥብቅ መሆኑን ፈትሹ። የተበላ ጠምዛዛ ጥርስ ያለው ዕቃ ይጣል።

▪️ መጨረሻ ላይ ቱቦውን አሻግራችሁ እዩ። መሣሪያው ባዶ መሆኑን እንደገና ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ መቀባበያው ወደኋላ እንደተያዘ ነጭ ወረቀት ጥይት መጉረሻው ላይ አድርጉና የስልካችሁን መብራት ወረቀቱ ላይ አብሩ። ሙሉ ክብ ብርሃን መታየት አለበት።

▪️ የተቀረቀረ ነገር ካለ "ተኩሼ ላውጣው" የሚባል ነገር የለም። ፈጽሞ። በመዶሻም አይመታም። የሙያው ሰው ዘንድ ይሂድ።

▪️ ዘንጉን ቱቦው ውስጥ ትታችሁ አትነሱ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

■ መወልወያ ያልተሰጣቸው ወታደሮች

"ለአንድ ብሩሽ ይህ ሁሉ ወሬ?" ለሚል ሰው አንድ እውነተኛ ታሪክ። በቬትናም ጦርነት፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ኤም 16 የሚባለው አዲስ ጠመንጃ ተሰጣቸው። "ብዙ ጽዳት አይፈልግም" የሚል ወሬ አብሮት መጣ፤ ለብዙዎቹም በቂ መወልወያ ዕቃ አልተሰጣቸውም። በዚያ ላይ የባሩዱ ዓይነት ተቀይሮ ነበር፤ ጥይት መጉረሻውም በክሮም አልተለበጠም። ቬትናም ደግሞ ዝናብና እርጥበት ነው።

ውጤቱ? ቀለህ ጥይት መጉረሻው ውስጥ ተጣብቆ መውጣት እምቢ አለ። ወታደሩ በውጊያ መሃል ዘንግ በአፈሙዝ ከቶ ቀለሁን እየገፋ ማውጣት ነበረበት፤ ያውም ዘንግ ካለው። ከተጣበቀ ጠመንጃ ጋር የሞቱ ወጣቶች ነበሩ። በ1967 የአሜሪካ ኮንግረስ በሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ አቋቁሞ ጉዳዩን መረመረ። ከዚያ ጥይት መጉረሻው በክሮም ተለበጠ፣ መወልወያ ዕቃ ታደለ፣ በኋላም እንደ ክላሽ ሰደፉ ውስጥ ማስቀመጫ ተሠራለት። በአሥርቱ መጨረሻ ለወታደሮቹ አጠባበቁን በሥዕል የሚያስተምር ኮሚክ መጽሐፍ ሳይቀር ታተመ። ሥዕሉን የሠራው ዊል አይስነር የሚባል ታዋቂ የኮሚክ ሠዓሊ ነው።

ጥፋቱ የመወልወያ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ምክንያት ተደራርቦ ነው። ግን መወልወያ እንደ ትርፍ ነገር ሲታይ ምን እንደሚመጣ ያሳያል።

■ እጃችሁና ቤታችሁ

ከተኩስ በኋላ ብሩሹና ጨርቁ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ጥላሸት ብቻ አይደለም። ውስጡ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ። እርሳስ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች አደገኛ ነው፤ የሕፃን አእምሮ እድገት ይጎዳል።

ስለዚህ መወልወያ በምግብ ዕቃ አይታጠብም። ሳፋውም፣ ኩባያውም፣ ጨርቁም የራሱ ይሁን። ማድ ቤት ውስጥ አይሠራም። እየሠሩ መብላት፣ ማጨስ፣ ጫት መቃም የለም። ጓንት ካለ አድርጉ፤ ከሌለ እጃችሁን በሳሙና ደህና አድርጋችሁ ታጠቡ። ያገለገለ ጨርቅ ልጅ በማይደርስበት፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጣል። ማጠቢያው ውኃ ጓሮ አትክልት ላይ፣ ጉድጓድ ውኃ አጠገብ፣ ከብት በሚጠጣበት አይደፋ።

■ መቼ ይጣል?

▪️ ብሩሽ፦ ቱቦው ውስጥ ያለ ምንም ትግል የሚያልፍ ከሆነ፣ ጥርሶቹ ከተኙ፣ ወይም መሃሉ ከዛገ።
▪️ ዘንግ፦ ከጎበጠ፣ ጠምዛዛው ከተበላ፣ በጥፍር የሚታወቅ ጭረት ካለው።
▪️ ገመድ፦ አንድ ክር ከተበጠሰ።
▪️ ዘይት፦ ከጠቆረ፣ ከተጣበቀ፣ ወይም አሸዋ ከታየበት።
▪️ የሙዳዩ ክዳን፦ ይህ አይጣልም! ከጠፋ ፈልጋችሁ ተኩ። ቀዳዳው ሰፍቶ ዘንጉን ማላወስ ከጀመረ ደግሞ ይቀየር።

ምንም ባይተኮስም ክረምት ላይ በወር አንዴ ሙዳዩን ከፍታችሁ እዩ። ዝገት ጥይት አይጠብቅም፤ እርጥበት ይበቃዋል። ቆላና አቧራማ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ከመጠቀማችሁ በፊትም ጥረጉት፤ ሳይነካ የተቀመጠ ዘንግ ላይ አቧራ ተኝቶበታል።

ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ለራሳችሁ አንሱ። ብሩሹን ዛሬ ፎቶ አንስታችሁ ከሦስት ወር በኋላ ብታነጻጽሩት መበላቱን በደንብ ታዩታላችሁ። የመሣሪያውን ቁጥር የሚያሳይ ፎቶ ግን የትም አትለጥፉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ሙዳዩን ማጠብ አሥር ደቂቃ ነው። የተበላ አፈሙዝ ግን አይመለስም። ቱቦው ውስጥ በቀረች ቁራጭ የሄደ ዓይንም አይመለስም።

አባቱ፣ አጎቷ፣ ወንድሙ ወይም ጎረቤቷ በሥራው መሣሪያ የሚይዝ ሰው ካለ ይህን ላኩለት። ሰደፉን ከፍቶ ሙዳዩን አንዴ ይመልከተው።